14 ወር ያለ ደብዳቤ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 33 ነው። ዱከም በሚገኝ አንድ የምግብ ፋብሪካ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ከተቀጠርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የፋይናንስ ኃላፊው የዛሬ 14 ወር ሥራ ሲለቁ ሥራ አስኪያጁ «ለጊዜው አንቺ ያዢው» አሉኝ፤ ያዝኩት። ከዚያ ወዲህ ወርኃዊ ሪፖርቱን የማዘጋጀው፣ ከኦዲተሮች ጋር የምቀመጠው፣ ገቢዎች ሲጠራን የምሄደው፣ የሁለቱን ሒሳብ ሠራተኞችና የገንዘብ ያዧን ሥራ የምቆጣጠረው እኔ ነኝ። ደመወዜ ግን ለሁሉም ሠራተኛ ከተጨመረው በቀር አልተነካም። የውክልና ደብዳቤም አልተጻፈልኝም። ሥራ አስኪያጁ የፋብሪካው ባለቤት ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። አባቴ ያረፈ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን የተቀመጡ ሰው ናቸው። እንዴት አድርጌ «ዕድገት ይስጡኝ፣ ደመወዝ ይጨምሩልኝ» እላለሁ? አሁን ደግሞ የእኅታቸው ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ መጥቷል፤ ቦታው የሚሰጠው ለእርሱ ነው የሚል ወሬ አለ። ባልደረቦቼ በባለቤታቸው በእትዬ በኩል አስነግሪ ይሉኛል። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ባንክ ስለሚሄዱ አይገኙም፤ በሌላው ቀን በራቸው ክፍት ነው። ይሁንና ረቡዕና ሐሙስ ቀን በሩ ድረስ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። ምን ይመክሩኛል?
ም.፣ ከዱከም

መልስ፦ ውድ ም.፣ በዕድሜ ልጄ ስለምትሆኚ አንቺ ብዬሽ ልጀምር።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት «ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ» የምትለውን ነው። ያንን በር አውቀዋለሁ። ድሮ ሹመት የሚፈልግ ሰው ከጌታው ግቢ ደጃፍ ጠዋት ይቆምና ማታ ይመለስ ነበር። ወር ይሞላል፣ ዓመት ይሞላል፤ አንድ ቀን ጌታው ዓይኑን ጣል ያደርግበት እንደሆነ ብሎ ይጠብቃል። ደጅ ጥናት የምንለው ይህንን ነው። ዛሬ ቢሮአችን ውስጥ ኮምፒውተር ገብቷል፣ ወንበሩም ተሽከርካሪ ሆኗል፤ አቋቋማችን ግን ያው ነው። ያንቺው ደግሞ ይብሳል። የድሮው ደጅ ጠኚ ቢያንስ የተሿሚውን ሥራ አይሠራም ነበር።

እናቶቻችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እያሉ አሳድገውናል፤ በተለይ ሴቶቹን። ይኸው ሕዝብ ግን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሎም ተርቷል። አንዱን ብቻ አስታውሰን ሌላውን የምንረሳው ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሁለተኛው ስለ ዕድገት ጥያቄ የተነገረ መሆኑን ግን ልብ በዪልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። «ዕድገት ይስጡኝ» የሚለውን አነጋገር ከነአካቴው ተዪው። አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ፤ በምታውቂው ቋንቋ ልንገርሽ። በየወሩ መጨረሻ ባንኩ የላከውን መግለጫና የራስሽን መዝገብ ጎን ለጎን ታስቀምጫለሽ። ባንኩ ዘንድ የታየ ገንዘብ መዝገብሽ ላይ ከሌለ «እባካችሁ ስጡኝ» አትዪም። ልዩነቱን ፈልገሽ ታስታርቂያለሽ። ያንቺም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የፋይናንስ ኃላፊነቱ ሥራ አለ፤ የሚሠራው ሰውም አለ፤ የፋብሪካው ማኅደር ግን ስለዚህ ምንም አያውቅም። ጋሼ ፊት ይዘሽ የምትቀርቢው ልመና አይደለም፤ 14 ወር ሳይታረቅ የቆየ ልዩነት ነው።

ይህን የምልሽ ተሳስቼ ስለተማርኩት ነው። በ1994 አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ሳለሁ የዕድገት ማመልከቻ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ነበር። የቤት ኪራይ መጨመሩን፣ የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናቴን መታመም ዘረዘርኩ፤ «እንደ አባትነትዎ» የምትል ቃል ሦስት ቦታ ነበረችበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቴ ተመለሰ። ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ከማኅደሯ ጋር ይያያዝ» ተብሎበታል። ተያያዘ። እስከ ዛሬም እዚያው ተያይዞ ይኖራል። ከዓመታት በኋላ እኔው ራሴ በሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ ሠርቼ በብዙ መቶ የሚቆጠር ማመልከቻ ሳነብ ነገሩ ገባኝ። ወረቀቴ አለቃዬን የሚያሳዝን እንጂ የሚወሰንበት ነገር አልነበረውም። የቤት ኪራይ ለሁሉም ሠራተኛ ጨምሯል፤ አለቃው ለአንዱ በዚህ ምክንያት ቢሰጥ ለሌላው ምን ይመልሳል?

ስለዚህ ያንቺ ወረቀት አንድ ገጽ ትሁን። ርዕሷም «ጉዳዩ፦ የደረጃ ዕድገት እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» አይሁን። «ጉዳዩ፦ የፋይናንስ ኃላፊ የሥራ መደብን ይመለከታል» በዪ። ከዚያ በታች መደቡ ከመቼ ጀምሮ ክፍት እንደሆነ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በቃል ትዕዛዝ ሥራውን ማን እንደያዘው፣ ምን ምን እንደተሠራ ጻፊ። «በትጋት ሠርቻለሁ» የሚል አይግባበት፤ ትጉ ነኝ የማይል አመልካች አላጋጠመኝም። በዚህ ፈንታ የሚቆጠር ነገር አስቀምጪ። ከተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያው 14 ወር ውስጥ ስንቱ በወቅቱ ገባ? ቅጣት ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም? ፋብሪካው የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ከሆነ የዓመቱ ሒሳብ ተዘግቶ እስከ ጥቅምት 30 መቅረብ አለበት፤ ያለፈውን ማን አቀረበው? ኦዲተሮቹ አምና ጥለውት ከሄዱት አስተያየት ዘንድሮ ስንቱ ተስተካከለ? ከደንበኞች ያልተሰበሰበው ገንዘብ ስትረከቢ ስንት ነበር፣ ዛሬስ ስንት ነው? እነዚህን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ጥሩ ያልሆነ ቁጥር ካለ ደግሞ አትደብቂው፤ ጋሼ ነጋዴ ናቸው፣ ሁሉም ነገር ያማረበትን ወረቀት አያምኑም።

አንድ ያልጻፍሽልኝን ነገር ልገምት። የደመወዝ መክፈያውን የምታዘጋጂው አንቺ ነሽ። እንግዲያው የቀድሞው ኃላፊ ስንት ያገኙ እንደነበር፣ የምርት ኃላፊው ስንት እንደሚያገኝ በልብሽ ታውቂያለሽ። ይህንን በንግግርሽ ውስጥ አታንሺ። ቁጥሩን ያወቅሽው በአደራ ነው፤ የፋይናንስ ኃላፊነት ማለት ደግሞ ከሁሉ በፊት አፍን መጠበቅ ነው። «አቶ እገሌ ይህን ያህል ያገኙ ነበር» ያልሽ ቀን ለመደቡ እንደማትሆኚ በገዛ አፍሽ መሰከርሽ። «የመደቡ ደመወዝ» በዪ፤ ይበቃል። አንቺ እንደምታውቂ እርሳቸውም ያውቃሉ።

ደመወዝ ካነሳን ሒሳቡን ጨርሰሽ ግቢ። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ከ14,000 ብር በላይ የሆነው ወርኃዊ ደመወዝ 35 በመቶ ይቆረጥበታል፤ 7 በመቶው ደግሞ የጡረታ መዋጮ ነው። ደመወዝሽ ከዚያ በላይ ከሆነ፣ 10,000 ብር ቢጨመርልሽ 3,500ው ለግብር፣ 700ው ለጡረታ ሄዶ እጅሽ የሚገባው 5,800 ነው። በጋሼ በኩል ደግሞ አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ ሲጨመር ያው ጭማሪ 11,100 ብር ወጪ ይሆናል። አንቺ 5,800 እያሰብሽ፣ እርሳቸው 11,100 እያሰቡ ነው የምትነጋገሩት። ብዙ ጊዜ ሠራተኛው «ይህቺን ብቻ?» አሠሪው «ይህን ሁሉ?» የሚባባሉት በዚህ ምክንያት ነው። አንቺ ሁለቱንም ቁጥር ስለምታውቂ አትደናገጪ፤ የምትፈልጊውን ባልተጣራው ደመወዝ ልክ አስበሽ ግቢ።

ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ ወደ «ጋሼ»። ለቅሶ ላይ ሦስት ቀን የተቀመጠን ሰው ገንዘብ መጠየቅ ያሳፍራል። ይህ ስሜት ውሸት ነው አልልሽም፣ ተዪውም አልልሽም። ነገር ግን ሁለቱ ነገሮች በሁለት የተለያዩ መዝገቦች ላይ የሚጻፉ ናቸው። ለቅሶው በለቅሶ ይመለሳል፤ እርሳቸውም ቢቸገሩ አንቺ ትደርሻለሽ። ሥራው ግን በሥራ ነው የሚታሰበው። ደግሞ ፍርሃትሽን በእርሳቸው በኩል ተመልከቺው። እንደ አባት የሚታዩ ሰው ከሆኑ፣ 14 ወር አድክመውሽ አንድ ቀን መልቀቂያ ብታስገቢባቸው ነው «ምነው ልጄ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትነግሪኝ?» የሚሉት። እውነታቸውን ነው የሚሆነው። ስንት አሠሪ ሠራተኛው ደስተኛ እንዳልሆነ የሚያውቀው መልቀቂያው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ መሰለሽ። «ጋሼ» ማለትሽን አትተዪ፤ ለአንድ ቀን ብለሽ «አቶ» ብትያቸው ተኳርፋችሁ የመጣሽ ይመስላል።

በእትዬ በኩል ማስነገሩን አልወደድኩትም። አማላጅ ለጥል ነው፤ እናንተ አልተጣላችሁም። ጉዳዩ ቤት ገብቶ ከእራት ጋር ሲነሳ የሥራ ጥያቄነቱ ይቀርና ውለታ ይሆናል። በውለታ የተገኘ መደብ ደግሞ ሲያኮርፉ ይወሰዳል። ባልደረቦችሽ ክፋት አስበው አይደለም፤ አገሩ የለመደው መንገድ ስለሆነ ነው።

የእኅታቸው ልጅ ነገር ወሬ ነው ብለሻል፤ ወሬ ሆኖ ይቆይ። ስሙን ጭራሽ አታንሺ። እውነት ቢሆን እንኳ ስለ ሥጋ ዘመዳቸው ስትናገሪ ወዲያው ከመደቡ ወጥታችሁ ቤተሰብ ውስጥ ትገባላችሁ፤ እዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ አታሸንፊም። የምትጠይቂው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መደቡ በምን መንገድ ሊሞላ እንደታሰበ። በውስጥ ማስታወቂያ ነው? በምደባ? ከውጭ በቅጥር? ይህንን ማወቅ መብትሽ ባይባል እንኳ ሥራውን ለያዘ ሰው የሚገባ ጥያቄ ነው። ፋብሪካችሁ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ካለ የኅብረት ስምምነቱን አውጥተሽ አንብቢ፤ የዕድገት አሰጣጥ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ይገኛል። መደቡ በስምምነቱ የሚሸፈን ሆኖ ማስታወቂያ ይውጣበት ከተባለ፣ ማስታወቂያ እንዲወጣ መጠየቅ በማንም ላይ ጣት መቀሰር አይሆንም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የበጀት ዓመታችሁ ሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ የሚቀጥለው ዓመት ደመወዝ የሚታሰበው በግንቦት ነው። ሰኔ ከገባ አንቺም ሒሳብ መዝጋት ውስጥ ትገቢያለሽ፣ ለእርሳቸውም «ዘንድሮ በጀቱ አልቋል» ለማለት ይመቻል። አሁን ደግሞ ዐቢይ ጾም ነው። ጋሼ የሚጾሙ ከሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ያልቀመሰ ሰው ጋ የደመወዝ ነገር ይዞ መግባት የዋህነት ነው። በዚህ ላይ በልምድ እንጂ በማስረጃ አልከራከርሽም። ፋሲካ ይለፍ፣ ዳግማይ ትንሣኤ ይለፍ፣ ከዚያ ጠዋት ግቢ። ወረቀቷን ግን አሁን ጻፊያት፤ ጠረጴዛሽ ውስጥ ትደር፣ ሦስት ጊዜ አርሚያት።

በሩ ላይ ስትደርሺ ምን እንደምትዪ ስለጠፋሽ ነው የምትመለሺው ብዬ እጠረጥራለሁ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ጉዳዩን አታውጪው፤ ቀጠሮ ብቻ ያዢ። «ጋሼ፣ ስለ ፋይናንስ ክፍሉ የማነጋግርዎ ጉዳይ አለኝ፤ ግማሽ ሰዓት መቼ ይመችዎታል?» ይህንን ለማለት ድፍረት አያስፈልግም። ዋናውን ቀን ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጀምሪ፦

«ጋሼ፣ የዛሬ 14 ወር ክፍሉን ለጊዜው ያዢው ብለውኝ ይዤዋለሁ። የተሠራውን በአንድ ገጽ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ይመልከቱት። ሥራውን መቀጠል እፈልጋለሁ። እንድቀጥል ከታሰበ ግን በመደቡ ተመድቤ፣ ደብዳቤው ተጽፎልኝ፣ ደመወዙም በመደቡ ልክ ሆኖ እንዲሆን ነው የምጠይቀው።»

ከዚያ ዝም በዪ። ከሁሉ የሚከብደው ይኸኛው ነው። እኛ ሰዎች ጥያቄ ጠይቀን ዝምታ ሲፈጠር እንደነግጥና ራሳችን መልሱን እናቀልላለን፤ «ባይሆንም ግድ የለም፣ እርስዎ እንዳሉ» እንላለን። ስንቱ ዕድገት በዚህች «ግድ የለም» ቀርቷል። ጋሼ ወረቀቷን ሲያነቡ አንቺ መስኮቱን እዪ፣ እጅሽን እዪ፤ ብቻ አትናገሪ።

«እሺ» ካሉ ጥሩ ነው፤ ደብዳቤው መቼ እንደሚወጣ ጠይቂ። «አይሆንም» ካሉም ምክንያቱን ጠይቂና አመስግነሽ ውጪ፤ ምን እንደሚጎድልሽ ወይም በሩ እንደተዘጋ ታውቂያለሽ። አስቸጋሪው «እናያለን» ነው። በአገራችን «እናያለን» እሺም፣ አይሆንምም፣ ረስቼዋለሁም ማለት ሊሆን ይችላል። ቀን አስይዢው። «እሺ ጋሼ፤ ግንቦት 15 ተመልሼ ብጠይቅዎ ይመችዎታል?» ብለሽ ውጪ። በዚያው ቀን የተነጋገራችሁትን በሁለት መስመር ጽፈሽ ወረቀቷን በመዝገብ ቤት በኩል አስገቢ፤ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተምና ቁጥር አስደርጊ። ግንቦት 15 ሲደርስ ደግሞ ሂጂ። ያልተጠየቀ ቀጠሮ እንደሌለ ይቆጠራል።

«መደቡን ውሰጂ፣ ደመወዙ ግን ለጊዜው ይቆይ» ሊሉሽም ይችላሉ። እዚህ ላይ ሌላ አማካሪ እምቢ በዪ ሊልሽ ይችላል፤ እኔ ግን ደብዳቤው ላይ ደመወዙ የሚስተካከልበት ቀን ከተጻፈ ውሰጂ እላለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ዕድገት እንዲሰጥሽ አያስገድደውም። ግን ሠራተኛው ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያስገድደዋል። ዛሬ ያንን ወረቀት ብትጠይቂ ምን ተብሎ ይጻፋል? «ስድስት ዓመት፣ ሒሳብ ሠራተኛ።» 14ቱ ወር የትም የለም። ነገ ሌላ ድርጅት «የፋይናንስ ኃላፊ፣ አንድ ዓመት ልምድ» ብሎ ቢያወጣ የምታቀርቢው ነገር የለሽም። ለዚህ ነው ካለ ደብዳቤ ከሚመጣ ገንዘብ ይልቅ ገንዘብ የዘገየበትን ደብዳቤ የምመርጠው። ያለፈውንም ጊዜ «ከዚህ ቀን ጀምሮ በተጠባባቂነት ሲሠሩ መቆየታቸው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲያካትት ጠይቂ፤ ለአሠሪው ቀላል ነው፣ ለአንቺ ግን ዓመት ከሁለት ወር ነው።

ደብዳቤው ሲመጣ ሳታነቢ አትፈርሚ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ «የሥራ መሪ» የሚላቸውን ሰዎች አይሸፍንም፤ በሕግ ወይም በአሠሪው ውክልና የሥራ አመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዘዋወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ሥልጣን ያላቸውን ማለት ነው። ኃላፊነትሽ እዚያ የሚያደርስሽ ከሆነ ዛሬ አዋጁ የሚሰጥሽ ጥበቃ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያውን ጨምሮ፣ ይቀርና ግንኙነታችሁ በውላችሁና በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚመራ ይሆናል። ይህ መደቡን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ የማስጠንቀቂያ ጊዜና የስንብት ክፍያ በውሉ ውስጥ እንዲጻፍ ለመጠየቅ ግን በቂ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ይህንን የሚያውቀው ከተሰናበተ በኋላ ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ጋሼ ወረቀቷን አንብበው ሲጨርሱ በሆዳቸው የሚጠይቁት ጥያቄ ምናልባት ስለ ገንዘቡ ላይሆን ይችላል። «ታዲያ የእርስዋን ሥራ ማን ይሥራው?» ነው። እስካሁን ሁለቱንም ሥራ በአንድ ደመወዝ ስትሠሪ ነበር፤ ኃላፊ ከሆንሽ የሒሳብ ሠራተኛዋ ወንበር ባዶ ይሆናል። ከሁለቱ ሒሳብ ሠራተኞችሽ የትኛው የደመወዝ መክፈያውን መረከብ እንደሚችል፣ የትኛው ለታክስ ማሳወቂያው እንደደረሰ አስበሽ ግቢ። ከአሁኑ አንዱን ሥራ ለአንዳቸው ብታለማምጂ ደግሞ የተሻለ ነው። ሌላውን ለማሳደግ የተዘጋጀ ሰው፣ ስለ ራሱ ምንም ሳይናገር፣ ኃላፊ መሆኑን ያሳያል።

ቀጠሮውን ለማክሰኞ ያዢ። ሰኞን ለባንኩ ተዪላቸው፤ ረቡዕና ሐሙስ ደግሞ ሦስት ጊዜ ተመልሰሻል።